አራት ብድር በአንድ ስልክ፦ በደሴ ገበያ የመክፈያ ቀንና የመሸጫ ቀን ሲጣሉ

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያለው የደሴ ሰው ስለ ክሬዲት ካርድ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በስልክ ጨዋታ መሀል ነው። ዘመድየው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ካርዱን አውጥቷል፤ አንዱ የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛበት ነጥብ ያስገኝለታል፣ ሌላው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወለድ የለበትም፣ ሦስተኛውን ደግሞ ያወጣው አንድ ሱቅ ቅናሽ ስላደረገለት ነው። ሰሚው «ይህ ሁሉ ዕዳ አያስፈራህም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ያልፋል፤ ነገሩም የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጠያቂው ራሱ በፒያሳ ወይም በሰኞ ገበያ የሚነግድ ቸርቻሪ ከሆነ፣ በዚያው በሚያወራበት ስልክ ላይ ከሁለትና ከሦስት ቦታ የተወሰደ፣ መክፈያ ቀኑ የተለያየ፣ መያዣ ያልተጠየቀበት ብድር ሊኖርበት ይችላል።

በእጃችን ያለው የባንክ ካርድ በአብዛኛው የራሳችንን ተቀማጭ የምናወጣበት እንጂ የባንኩን ገንዘብ የምንበደርበት አይደለም። በእኛ ዘንድ የክሬዲት ካርድን ቦታ የያዘው ስልክ ነው። ስለዚህ «በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ካርድ ማውጣት ይበዛል?» የሚለው የሩቅ ጥያቄ እዚህ ሲደርስ «በአንድ ዓመት ውስጥ ከስንት ቦታ በስልክ መበደር ይበዛል?» ወደሚል ይለወጣል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ቁጥሩ ብቻውን መልስ አይሰጥም የሚል ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው የአንዱ ብድር መክፈያ ዕቃው ተሸጦ ከሚያልቅበት ቀን ቀድሞ ሲመጣና ጉድለቱ በሌላ ብድር ሲሞላ ነው። ይህን ለማየት ግን አስቀድሞ በካርዱ አገር ያለው አሠራር ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እዚያ ያለውና እዚህ የሌለው ነገር የቱ እንደሆነ የሚገለጠው በንጽጽር ነው።

የካርዱ አገር ሒሳብ

በአሜሪካ አንድ ሰው ብድር በጠየቀ ቁጥር አበዳሪው ስለ እርሱ የተጠናቀረውን መረጃ ይጠይቃል። መረጃውን የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ሥራቸው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ይመራል። ከመረጃው ተሠልቶ የሚወጣውና በሰፊው የሚሠራበት ነጥብ ፋይኮ ይባላል፤ ዝቅተኛው 300፣ ከፍተኛው 850 ነው። ከነጥቡ 35 በመቶው የሚመጣው በቀን በቀኑ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ከተፈቀደው ገደብ ምን ያህሉ ከመነካቱ፣ 15 በመቶው ከብድር ታሪኩ ዕድሜ ሲሆን፣ የቀረው 20 በመቶ አዲስ በተከፈቱ ብድሮችና በብድሮቹ ዓይነት መካከል እኩል ይከፈላል።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ካርድ ያወጣ ሰው ምን ይደርስበታል? እያንዳንዱ ማመልከቻ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት የሚቆይ ምልክት ይተዋል፤ ነጥቡ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ግን ለ12 ወራት ብቻ የሚታሰብ ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ከ5 ነጥብ አይበልጥም። አዲስ ካርድ ሲጨመር የካርዶቹ አማካይ ዕድሜ ያንሳል፤ ይህም ትንሽ ይጎዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይከሰታል፦ 1,000 ዶላር ገደብ ካለው ካርድ 500 ዶላር የተጠቀመ ሰው ከገደቡ ግማሹን ነክቷል፤ ተመሳሳይ ገደብ ያለው ሁለተኛ ካርድ ቢያወጣና ወጪውን ባይጨምር ግን የተነካው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ነጥቡም በዚሁ ምክንያት ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ብዙ ካርድ ማውጣት ሁልጊዜ ያጠፋል ማለት አይቻልም፤ ቤት ለመግዛት ብድር ሊጠይቅ ወራት የቀሩት ሰው ግን አዲስ ካርድ ባያወጣ ይመረጣል። አንዳንድ አበዳሪዎች የራሳቸው ልክ አላቸው፤ በተጠቃሚዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ቼዝ ባንክ በ24 ወራት ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ካርድ ለከፈተ ሰው አዲስ ካርድ የመከልከሉ ልማድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገሮችን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው፣ እዚያ መጠየቅ ራሱ ይታያል፤ ሰውየው ገና ሳይበደር፣ ከብዙ ቦታ ብድር እየፈለገ መሆኑን ቀጣዩ አበዳሪ ያውቃል። ሁለተኛው፣ ካርዱ የመተንፈሻ ጊዜ አለው፤ የወሩን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ የከፈለ ሰው ለግዢው ወለድ አይከፍልም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርድ ሕግም ሒሳቡ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲላክለት ያስገድዳል። ያልከፈለ ግን፣ ሰሞኑን ባሉት ዓመታት አማካዩ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ወለድ ይቆጠርበታል፤ ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ስልኩ እንዴት አበዳሪ ሆነ?

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላ ብድርና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አቀረበ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር ይዞ መጣ፤ ዳሸን ባንክ ደግሞ ዕቃ ወስዶ ቀስ ብሎ መክፈል የሚያስችለውን «ዱቤ አለ» የተባለ አገልግሎት አስጀመረ። በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳ ገበያውን ተቀላቀለ። የቴሌብር መንገድ የተጠረገው ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ ባወጣ ጊዜ ነው።

የእነዚህ ብድሮች ዋና ጠባይ ዋስና የቤት ካርታ አለመጠየቃቸው ነው። በዚያ ምትክ የሚያዩት የሰውየውን የስልክና የሒሳብ እንቅስቃሴ ነው፦ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚገባለትና እንደሚወጣበት፣ ከዚህ በፊት ወስዶ በቀኑ መልሶ እንደሆነ። በቀኑ የመለሰ ሰው የሚፈቀድለት መጠን ከፍ ይላል። ይህ ከፍ ማለት የራሱ መዘዝ አለው፤ ዛሬ የማያስፈልገውን ገንዘብ «ደረጃዬ ይጨምርልኝ» ብሎ የሚበደር ነጋዴ በገበያው አይታጣም።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ዓይነት ብድር ለምን በሩን ከፈቱ ቢባል፣ ምክንያቱ አንድ አይደለም። በጥቅምት 2014 ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ እጅ ወደቁ፤ ከአንድ ወር በላይ በዚያ ሁኔታ ቆይተው ኅዳር መገባደጃ ላይ ሲመለሱ፣ ብዙ ሱቅ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀ፤ ፋብሪካዎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈው ነበር። ዕቃው ሲሄድ በዕቃው ላይ የነበረው ዕዳ አብሮ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲያንስ መጀመሪያ ከሰልፉ የሚወጣው መያዣ የሌለው ትንሹ ነጋዴ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ልብስ፣ ጫማ ወይም የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያንኑ ያህል መደርደሪያ ለመሙላት ከበፊቱ በእጅጉ የበዛ ብር አስፈለገው። ሽያጩ አላደገም፤ ካፒታሉ ግን ማደግ ነበረበት። ይህ ክፍተት በስልክ ብድር ተሞላ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መያዣን በተመለከተ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ አዋጅ ዕቃና መሣሪያም ዋስትና እንዲሆኑ ፈቅዷል። ሆኖም በሰኞ ገበያ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ሸሚዝ ነገ የሚሸጥ ነውና ባንክ መያዣ አድርጎ ለመቀበል ልቡ አይሞላም።

አምስት በመቶ ሲባል ስንት ነው?

የስልክ ብድር ዋጋ የሚነገረው በአብዛኛው በወለድ ስም ሳይሆን በአገልግሎት ክፍያ ስም ነው፤ የጊዜው አጭርነትም ቁጥሩን ትንሽ ያስመስለዋል። የየትኛውንም ድርጅት ተመን ሳልጠቅስ ለሥሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ ላንሣ። አንድ ቸርቻሪ ለ30 ቀን 10,000 ብር ይበደራል፤ ክፍያው 5 በመቶ ሆኖ አስቀድሞ ይቀነሳል። በእጁ የሚገባው 9,500 ብር ነው፤ የሚመልሰው 10,000። ይህንኑ በየወሩ እያደሰ ዓመቱን ቢዘልቅ የሚከፍለው 6,000 ብር ነው፤ ይኸውም በእጁ ኖሮ ለማያውቅ 10,000 ብር። ክፍያው ራሱ ከአዲሱ ብድር እየተሸፈነ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ዋጋ 85 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ቀደም ብዬ በልብ ይያዝ ያልኩት የአሜሪካ ካርድ ወለድ፣ እዚያ አገር ሰዎች ከባድ ነው ብለው የሚያማርሩበት፣ በዓመት 20 በመቶን ጥቂት የሚያልፍ ነበር።

በዚህ ላይ ቁርጥ ክፍያ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ከጊዜ ጋር አይንቀሳቀስም። በ10ኛው ቀን የመለሰና በ30ኛው ቀን የመለሰ ያው 500 ብር ይከፍላሉ። ስለዚህ ቀድሞ መመለስ ከቅጣት ከማዳንና ስምን ከማሳመር በቀር የሚቀንሰው ወጪ የለም። ወለድ በቀን የሚታሰብበት ብድር ከሆነ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ተበዳሪው ውሉን ሲያነብ ከመጠኑ ቀጥሎ መፈለግ ያለበት ይህንን ነው፦ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አበዳሪዎች የብድሩን ዋጋና ግዴታ ግልጽ አድርገው እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ለመንካት የሚወስደው ጊዜ ግን ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም።

በገበያው «ከአራጣ ይሻላል» የሚል መልስ ይሰማል። እውነትም ይሻላል። የአራጣ አበዳሪ ቼክ ይይዛል፣ ካርታ ይይዛል፣ አንዳንዴም ሰው ይይዛል። ሕጉም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር የወለዱን ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ አድርጎታል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል ብሎ ደንግጓል። የገንዘብ ተቋማት የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ ጣሪያ አይመለከታቸውም። ቢሆንም «ከአራጣ ይሻላል» የሚለው መመዘኛ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ እሱን ማለፍ ለብድሩ ምስክርነት የሚሆን አይመስለኝም።

በወሎ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይህንን ሳያነሡ ስለ ደሴ ብድር መጻፍ ግማሹን ገበያ መርሳት ነው። ለብዙ ሙስሊም ነጋዴ ወለድ የሒሳብ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሐራም ጉዳይ ነው። ክፍያው «የአገልግሎት» ሲባል ከሪባ፣ ማለትም እስልምና ከከለከለው ወለድ፣ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን የሚፈርዱት ዑለማዎች ናቸው፤ እኔ ልፈርድበት አልችልም። በኢኮኖሚ ዓይን የሚታየውን ግን መናገር ይቻላል፦ በብድሩ መጠን ላይ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ በተበዳሪው ኪስ ላይ የሚያደርገው ነገር ያው ነው። ከወለድ ነፃ ባንክ በሙራባሃ ሲሠራ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለነጋዴው ይሸጣል፤ ስለዚህም ገንዘቡ ለቤት ወጪ ሊዞር አይችልም። ዘምዘም ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በመደበኛ ባንኮች መስኮቶች፣ ይህ መንገድ ተከፍቷል፤ የሚጠይቀው ጊዜና ሰነድ ግን ከስልኩ ፍጥነት ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ብድር የሚወለደው በ30ኛው ቀን ነው

ምሳሌያችንን እንቀጥል። ቸርቻሪው በ9,500 ብር የልጆች ልብስ ገዛ እንበል። ዕቃው ተሸጦ የሚያልቀው በ60 ቀን ነው፤ ትርፉ 15 በመቶ ስለሆነ ጠቅላላ ሽያጩ 10,925 ብር ይሆናል። በ30ኛው ቀን ግማሹን ሸጦ 5,460 ብር ይዟል፤ ከዚህ ላይ 1,500 ብር ለቤት ወጥቶ 3,960 ይቀራል። መክፈል ያለበት 10,000 ነው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ 6,400 ብር ይበደራል፤ ክፍያው ተቀንሶ 6,080 ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያውን ዕዳ ይዘጋል፤ 40 ብር ይተርፈዋል። የመጀመሪያው አበዳሪ በቀኑ ስለተከፈለው ደስ ይለዋል፤ የቸርቻሪውንም ገደብ ከፍ ያደርጋል።

በ60ኛው ቀን የቀረው ዕቃ ተሽጦ 5,465 ብር ያመጣል፤ 1,500 ለቤት ይወጣል፤ ከ40ው ጋር በእጁ 4,005 ብር አለ። ዕዳው 6,400 ነው፤ 2,395 ብር ጎደለ፤ መደርደሪያው ደግሞ ባዶ ነው። አሁን ዕዳውን ለመዝጋትም ዕቃ ለማምጣትም ብድር ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ብድር በአንድ ሳምንት ውስጥ ይከፈታሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቸርቻሪው በሦስት ወር ውስጥ አራት ብድር የወሰደ ስግብግብ ይመስላል። ውስጡ ሲታይ ግን የመጀመሪያዋ ብድር ናት ስሟን እየቀየረች የምትመላለሰው።

የዚህ ሒሳብ ሐቀኛ ንባብ ግን አበዳሪውን ብቻ አይወቅስም። ከሽያጩ የተገኘው ትርፍ 1,425 ብር ነበር፤ ለሁለቱ ብድሮች የተከፈለው 820 ብር ነው፤ ቤቱ የወሰደው ግን 3,000 ብር ነው። የጎደለው 2,395 ብር የመጣው ቤቱ ሱቁ ካተረፈው በላይ ስለበላ ነው፤ የብድሩ ክፍያ ደግሞ ከትርፉ ላይ ከግማሽ በላይ ወስዶ ቤቱን ለጥቂት አስቀረው። ብድሩ ከመጀመሪያው ለ60 ቀን የተሰጠ ቢሆንና ክፍያው ያው 500 ብር ቢሆን ኖሮ 320 ብሩ ይቀርለት ነበር፤ በ30ኛው ቀን ሁለተኛውን ብድር ለመፈለግም ምክንያት አይኖረውም ነበር። የጊዜ አለመገጣጠም ዋጋው ይህ ነው። የቤት ወጪው ችግር ግን በየትኛውም ብድር የሚፈታ አይደለም፤ ብድር እሱን የሚያደርገው እንዳይታይ ማድረግ ነው።

በኮምቦልቻ ያለው መልክ ትንሽ ይለያል። በኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ በቀድሞዎቹ ፋብሪካዎች ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የሚበደረው ዕቃ ለመግዛት ሳይሆን ወሩን ለመድረስ ነው። ደመወዙ በገባ ሰዓት ዕዳው ይቀነሳል፤ ቀሪው ወሩን ስለማይደርስ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ መልሶ ይበደራል። ገቢው ከወር ወር ያው ስለሆነ ዕዳው አይፈነዳም፤ አይጠፋምም፤ የደመወዙ አንድ ክፍል በየወሩ ወደ ክፍያ እየሄደ ይቀጥላል። አደጋው የሚመጣው ሥራው የቆመ ዕለት ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ ለመላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ከወጣች ወዲህ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ሥራ ዋስትና እንዳነሰው ይታወቃልና፣ ይህን ዕለት እንደ ሩቅ ነገር ማየት አይቻልም።

ማን ያያል?

በአሜሪካው አሠራር መጠየቅ ራሱ ይታያል ብለናል። በእኛ ዘንድ ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል አለ፤ ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ይልኩበታል፣ ከማበደራቸውም በፊት ይጠይቁበታል። ይህ ማዕከል የተሠራው ግን የባንክ ብድር በሳምንታት በሚወሰንበት ዘመን ልክ ነው፤ ተበዳሪውን የሚለየውም በተለምዶ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። የስልክ ብድር በደቂቃ ይፈቀዳል። ጠዋት ከአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ ከሌላው የተበደረን ሰው ሁለተኛው አበዳሪ በዚያው ቀን ማየት ካልቻለ፣ ያ ሰው ለሁለቱም ጨዋ ደንበኛ ነው። የብድሩ መደራረብ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ አንዱ ሳይከፈል ሲቀር ይሆናል፤ ያኔ የሚመዘገበው ደግሞ መጥፎ ስም ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብ ጋር እየተሳሰረ መሄዱ ይህንን ቀዳዳ ሊያጠብ ይችላል፤ አንድ ሰው በሦስት ሲም ካርድ ሦስት ሰው መሆኑ ያበቃልና። በዚያው ልክ የሰው ገበና በሰፊው እንደሚታይም መዘንጋት የለበትም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በተግባር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሚያስገርመው ግን ደሴ ይህንን የመረጃ ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊት በራሷ መንገድ መልሳው የነበረ መሆኑ ነው። በእቁብ ውስጥ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው በእርግጥ ተበዳሪ ነው፤ የሌሎቹን ገንዘብ ወስዶ በየሳምንቱ ይመልሳል። ዳኛው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም የገበያው ሰው ነው። አራትና አምስት እቁብ የገባ፣ የአንዱን ዕጣ ለሌላው መዋጮ የሚያውል ነጋዴ ሦስተኛው ላይ ዋስ ያጣል፤ «እሱማ የአራዳውም እቁብ አለበት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋምና። በቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የቡድን ብድርም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነበር፤ አባላቱ እርስ በርስ ስለሚዋዋሱ ማን ምን ያህል እንደተሸከመ ይተዋወቃሉ። ስልኩ ይህን ዓይን አስወግዶታል። ሰው ያለ ሃፍረት፣ ያለ ደጅ ጥናት መበደር መቻሉ ትልቅ ነፃነት ነው፤ በተለይ ባሏ ወይም ወንድሟ ሳይፈርምላት ለመበደር ለማትችል ሴት ነጋዴ። የሄደው ነገር ግን ሃፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ «በቃህ» የሚለውም ሰው አብሮ ሄዷል።

በዚህ ምክንያት የስልክ ብድር የሚወስድ ነጋዴ ያንን የእቁብ ዳኛ ሥራ ራሱ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህም አንድ ገጽ ወረቀት የሚበቃው ሥራ ነው። በዱቤ ደብተሩ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱን ብድር መክፈያ ቀን፣ በእጅ የገባውንና የሚመለሰውን መጠን ይጻፍ፤ ከጎኑ ደግሞ ዕዳው ከየትኛው ዕቃ ሽያጭ እንደሚከፈል ይጻፍ። በዚህ ዓምድ ላይ «ከሚቀጥለው ብድር» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሁለተኛውም ሆነ አምስተኛው ብድር አንድ ነው፤ መውሰድ የለበትም። መልሱ ዕቃ ከሆነና ቀኑም ከገጠመ፣ በዓመት ስድስት ጊዜ ቢበደር እንኳ የሚያስነቅፍ አይደለም። በውሉ ላይም ወደ ሒሳቡ የሚገባ ማንኛውም ገንዘብ በቀጥታ ለዕዳው እንዲቀነስ የሚፈቅድ አንቀጽ ካለ ማወቅ ይገባዋል፤ ደንበኛ በስልክ የሚከፍለው ነጋዴ የነገ ዕቃ መግዣው ሳያውቀው ለትናንት ዕዳ ሊሄድበት ይችላልና።

አበዳሪዎቹ በበኩላቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ እሱም የ30 ቀን ውልን ከደሴ የገበያ ዓመት ጋር ማስታረቅ ነው። በዚህ ከተማ ሽያጭ በየወሩ እኩል አይደለም። ልብስ ሻጩ ዓመቱን የሚያቋቁመው በሁለቱ ዒዶች፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ደብተርና ዩኒፎርም በመስከረም ይሸጣል፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በዐቢይ ጾም ወራት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለዒድ አልፈጥር የሚሆን ዕቃ የሚገዛው ረመዳን ሊገባ ሲል ወይም በመጀመሪያው ሳምንቱ ነው፤ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነው። ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የተወሰደ የ30 ቀን ብድር ከዒዱ በፊት ባለው ሳምንት ይደርሳል፤ ማለትም ሱቁ ገና በሰው መሞላት በጀመረበት፣ የዕቃው ግማሽ በመደርደሪያ ላይ ባለበት ሰዓት። በዚያ ሳምንት የሚወሰደውን ሁለተኛ ብድር፣ የመጀመሪያውን መክፈያ በአሥራ አምስት ቀን በመግፋት ብቻ ማስቀረት ይቻል ነበር።